ባዶ ማለት ከንቱ ማለት አይደለም

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ ስለ ቡድሃ ትምህርት የተጻፈ የአማርኛ ጽሑፍ ላከልኝ። «አንብብና የመሰለህን ንገረኝ» አለኝ። አነበብኩት። ደግሜ አነበብኩት። ሌሊቱን ሙሉ ሲከነክነኝ አደረ። ጸሐፊው አማርኛቸው የሚጥም፣ ብዙ ያነበቡ ሰው ናቸው። ችግሩ፣ የነቀፉትን ትምህርት ቡድሂስቶች አያስተምሩትም። ባላሉት ነገር ነው የወቀሷቸው። ጽሑፉ በወጣቶች ዘንድ እጅ በእጅ ሲዞር ስላየሁ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ጽሑፉ ባጭሩ እንዲህ ይላል። ቡድሃና ተከታዮቹ «ሁሉም ባዶ ነው» ብለዋል፤ እንግዲህ ምንም የለም ማለታቸው ነው። ምንም ከሌለ ጽድቅም ኃጢአትም የለም። «ሁሉም ነገር በሌላ ነገር ተደግፎ ይነሣል» የሚለው ትምህርታቸው ገበሬ ሁሉ የሚያውቀው ተራ ነገር ነው፤ ጠበቅ አድርገን ከያዝነውም ሰውን ለዕጣ ፈንታ አሳልፎ ይሰጣል። ሁሉም ባዶ ከሆነ ይኸው ትምህርት ራሱ ባዶ ነው። ነገሩ የሩቅ አገር ፍልስፍና ስለሆነም እኛን አይመለከትም። በመጨረሻ አንድ ጥያቄ አስቀምጠው ይሰናበታሉ፦ ለቅሶ ቤት ገብተህ ሐዘንተኛዋን «ባዶ ነው» ትላታለህ?

እኔ ቡድሂስት አይደለሁም። ባሕር ዳር ተወልጄ፣ ጊዮርጊስን ተሳልሜ ያደግሁ ክርስቲያን ነኝ። ማንንም ከእምነቱ ለማውጣት አልጻፍኩም። ግን ሰው ሲነቀፍ ባለው ነገር ይነቀፍ። የእኛን ሃይማኖት በቅጡ ሳያውቁ የሚጽፉብንን ስናነብ አይደል እኛስ የምንቆጣው?

የመጀመሪያው ነጥባቸው የሌሎቹ ሁሉ ሥር ስለሆነ እሱ ላይ ልቆይ።

ቃሉ በሳንስክሪት «ሹንያታ» ነው። ጸሐፊው አንዴ «ባዶነት» ይሉታል፤ አንዴ «ከንቱነት»። መሃል ላይ መጽሐፈ መክብብን ያመጡና «ሁሉ ከንቱ ነው» ከሚለው ጋር ያገናኙታል። ነገሩ የተበላሸው እዚህች ጋ ነው። «ከንቱ» ዋጋን የሚለካ ቃል ነው። ከንቱ ድካም፣ ከንቱ ውዳሴ እንላለን፤ የማይረባ፣ ፍሬ የሌለው ማለታችን ነው። «ባዶ» ግን ሌላ ነው። «እንስራው ባዶ ነው» ስንል እንስራው አለ። የሌለው ውኃው ነው። «ባዶ እጁን መጣ» የተባለ ሰው እጁ አልተቆረጠም። ባዶ በተባለ ቁጥር «ከምን?» ብሎ መጠየቅ የግድ ነው።

ቡድሃም ያደረገው ይህንኑ ነው። ደቀ መዝሙሩ አናንዳ ስለ ባዶነት ሲጠይቀው፣ ያኔ ያሉበትን ቤት ነው ምሳሌ ያደረገለት። ይህ ቤት ከዝሆን ባዶ ነው፤ ከከብትና ከፈረስ ባዶ ነው፤ ከወርቅና ከብር ባዶ ነው አለው። ከመነኮሳቱ ጉባኤ ግን ባዶ አይደለም። የሌለውን የለም ማለት፣ የቀረውን አለ ማለት። ሌላ ጊዜም አናንዳ «ዓለም ባዶ ናት የሚባለው በምን ምክንያት ነው?» ብሎ ጠይቋል። «ከእኔነትና የእኔ ከሚባል ነገር ባዶ ስለሆነች» ተባለ። ዓለም የለችም ያለው ማንም የለም።

ከዚያ ብዙ መቶ ዓመታት አለፉ። ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ2ኛው ወይም በ3ኛው መቶ ዓመት ገደማ ናጋርጁና የሚባል የህንድ መነኩሴ ሐሳቡን እስከ ጥጉ ወሰደው። በ27 ምዕራፎች፣ በግጥም በጻፈው ሥራው፣ ነገሮች ከምን ባዶ እንደሆኑ በግልጽ አስቀመጠ፦ በራሱ ከቆመ ባሕርይ። ከማንም ሳይበደር፣ በማንም ሳይደገፍ፣ ከራሱ ብቻ ያለ ነገር አይገኝም ማለቱ ነው። በ24ኛው ምዕራፍ ደግሞ ቁልፉን ሰጠ፤ በመደጋገፍ የተነሣውን ነው ባዶ የምንለው አለ። ጸሐፊው «ባዶነት» እና «ተደጋግፎ መነሣት» የሚሉትን እንደ ሁለት ትምህርት ለያይተው ነው የመቷቸው። ለናጋርጁና ግን አንድ ናቸው። ተደግፎ የቆመ ነገር፣ በራሱ አልቆመም።

ይህ በደንብ የገባኝ ጣና ዳር ነው።

አንድ ማለዳ ታንኳ የሚሠሩ ሽማግሌ አጠገብ ቆሜ ነበር። ደንገሉ ታጭዶ፣ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ደርቋል። ሽማግሌው ዘንጎቹን አቅፈው ነዶ ያደርጓቸዋል። በጉልበታቸው ይጫኑታል። ገመዱን አዙረው ሲስቡት ነዶው ሲጥ ይላል። አንዱን ነዶ ካንዱ እያጋጠሙ ያስራሉ። ጫፉ ላይ ሲደርሱ እያቀጠኑ ወደ ላይ ያጎብጡታል። አጠገባቸው አንድ አሮጌ ታንኳ ተጋድሟል። ጠቁሯል፤ ከብዷል። «ይሄስ?» አልኳቸው። «ውኃ ጠጣ፤ አለቀለት» አሉ። ወዲያው ቢላቸውን አነሡና ገመዱን ቆረጡት። ነዶው ተፈታ። ዘንጎቹ መሬት ላይ ተበተኑ።

ቅድም ታንኳ ነበር። አሁን የደንገል ክምር ነው። መጥቶ የወሰደው ሰው የለም። «አባባ፣ ታንኳው የት ሄደ?» አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝ። «የት ይሄዳል? ደንገል ነበር፣ ደንገል ሆነ። ታንኳ የሚሆነው ሲታሰር ነው» አሉኝና ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ከዚያ በኋላ ናጋርጁናን ሳነብ የሚታየኝ ያ የተቆረጠ ገመድ ነው። ታንኳው ደንገሉ ነው? አይደለም፤ ክምሩ ሰው አያሻግርም። ገመዱ ነው? አይደለም። የሽማግሌው እጅ ነው? አይደለም። ከነዚህ ሁሉ ውጭ ብቻውን የተቀመጠ «ታንኳነት» አለ? ፈልገን አናገኘውም። ታዲያ ታንኳ የለም ልንል ነው? አለ እንጂ። ማገዶ ጭኖ ሐይቁን ሲያቋርጥ በዓይናችን እናየዋለን። ያለው ግን ደንገልና ገመድ፣ ፀሐይና እጅ፣ ውኃና ቀዛፊ ስለተገናኙ ነው። ይህን ነው ባዶ የሚሉት።

ጥንት በሰሜን ምዕራብ ህንድ የነገሠ ሜናንደር የሚባል የግሪክ ዘር ንጉሥ ነበር፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው መቶ ዓመት። ቡድሂስቶች ሚሊንዳ ይሉታል። ናጋሴና ከሚባል መነኩሴ ጋር ስለ ሠረገላ ያደረገው ክርክር ተጽፎ ቆይቷል። መንኮራኩሩ ነው ሠረገላ? ወጋግራው ነው? ቀንበሩ ነው? ንጉሡ ለሁሉም አይደለም አለ። ታዲያ ከነዚህ ውጭ ነው? አሁንም አይደለም። መጨረሻ ላይ ንጉሡ ራሱ መለሰ፤ «ሠረገላ» የምንለው እነዚህ ሁሉ ሲገናኙ ነው አለ። ልብ በሉ፤ ንጉሡ የመጣው በዚያው ሠረገላ ነው። መነኩሴው በእግርህ ነው የመጣኸው አላለውም።

ጸሐፊው «ድንጋይ ብትመታ እግርህን ያምሃል፤ እንግዲህ ድንጋዩ አለ» ብለዋል። አዎ፣ ያመኛል። ድንጋዩም አለ። ግን ሕመሙ የት ነው ያለው? ድንጋዩ ውስጥ ነው? ድንጋዩ ሜዳ ላይ ብቻውን ሳለ አያምም። እግሬ ውስጥ ነው? እግሬ ቅድምም ነበረ፤ አላመመኝም። ሲገናኙ ነው የተነሣው። ምሳሌያቸው የናጋርጁናን ነገር ነው ያስረዳልን።

«ምንም የለም» የሚለውን አቋም ቡድሃ በስሙ ጠርቶ ነው የጣለው። ካቻና ለተባለ ጠያቂ፣ ሰው በአብዛኛው ሁለት ነገር ላይ ይንጠለጠላል ብሎታል፤ አንዱ «አለ» ይላል፣ ሌላው «የለም» ይላል። እኔ ግን በመካከል ነው የማስተምረው አለ። መካከሉ የትኛው ነው? ይህ ሲኖር ያ ይኖራል፤ ይህ ሲነሣ ያ ይነሣል። ይህ ከሌለ ያ የለም፤ ይህ ሲያከትም ያ ያከትማል። ከደቀ መዛሙርቱ አንዱ ሳሪፑታ ደግሞ ለዚህ የሰጠው ምሳሌ ለእኛ ለሐይቅ ዳር ሰዎች የተነገረ ይመስለኛል፦ ሁለት የሸምበቆ ነዶ ተደጋግፈው ቆመዋል። አንዱን ብታነሣው ሌላው ይወድቃል።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልለፍ። ይህኛው ከባድ ነው። ጸሐፊውም ያሰጋቸው በቅን ልብ ይመስለኛል። ሁሉም ባዶ ከሆነ በመግደልና በማዳን መካከል ምን ልዩነት አለ? ይላሉ።

ስጋቱን ናጋርጁና ራሱ ያውቀዋል። ባዶነትን አጣሞ የያዘ ሰው፣ እባብ አያያዝ ሳያውቅ እባብ እንደያዘ ሰው ይጠፋል ብሏል። ምሳሌው ከቡድሃ የመጣ ነው። እባቡን በጅራቱ የያዘውን ሰው እባቡ ዞሮ ይነድፈዋል፤ ትምህርቴን አጣሞ የያዘም እንዲሁ ነው ብሎ ነበር። ስለዚህ «አጉል ሰው እጅ ከገባ አደገኛ ነው» ቢሉ ኖሮ አብሬያቸው እስማማ ነበር። ቡድሂስቶቹም ይስማማሉ።

ነገር ግን ትምህርቱ ራሱ ምግባርን ያፈርሳል የሚለው ሌላ ክስ ነው። ያ 24ኛ ምዕራፍ የሚከፈተው በዚሁ ክስ ነው። ተከራካሪው ይነሣና፣ ሁሉም ባዶ ከሆነ መከራ የለም፣ የመከራ ማብቂያ የለም፣ መንገዱም የለም ይላል። የእኛ ጸሐፊ ያቀረቡት ክስ፣ ያን ያህል ዘመን ቀድሞ ተመዝግቧል ማለት ነው። የናጋርጁና መልስ ነገሩን ይገለብጠዋል። እንዲያውም ባዶ ባይሆን ነው ሁሉ ነገር የሚዘጋው ይላል። ክፉው ሰው ክፋቱ በራሱ የቆመ፣ ምንም የማይነካው ባሕርይ ከሆነ መቼም አይለወጥም። ድንቁርና እንዲህ ከሆነ ማንም አይማርም። በሽታ እንዲህ ከሆነ ማንም አይድንም። መለወጥ የሚቻለው ነገሩ በሌላ ነገር ላይ ስለቆመ ነው። ድጋፉ ሲነካ እሱም ይነካል።

አንጉሊማላ የሚባል ሽፍታ ነበር ይላሉ። መንገደኛ እየገደለ ጣታቸውን ጎንጉኖ በአንገቱ ያጠልቃል፤ ስሙም ከዚያ መጣ። አንድ ቀን ቡድሃን በመንገድ አየውና ሊገድለው ተከተለው። ቡድሃ በእርጋታ ይራመዳል፤ እሱ ይሮጣል፤ ግን አልደረሰበትም። «ቁም!» ብሎ ጮኸ። «እኔ ቆሜያለሁ፤ አንተም ቁም» አለው ቡድሃ። ሰውን መጉዳት አቁሜያለሁ ማለቱ ነበር። ሽፍታው ጎራዴውን ጥሎ መነኮሰ። ከዚህ ታሪክ እኔን የሚይዘኝ መጨረሻው ነው። አንጉሊማላ ምጽዋት ሊለምን ከተማ ሲገባ ይወረወርበታል፤ ራሱ ተፈንክቶ፣ ደሙ እየፈሰሰ ይመለሳል። ቡድሃ «ባዶ ነው፣ አያምህም» አላለውም። ቻለው አለው፤ የሥራህ ፍሬ ነው። ነፍሰ ገዳይነቱ በባሕርዩ የታተመ ስላልሆነ መለወጥ ቻለ። የሠራው ሥራ ግን ውጤቱን አመጣ። ሁለቱንም የያዘው ያው «ይህ ሲኖር ያ ይኖራል» የሚለው ነው።

በሰፈራችን «ሌባ» የተባለ ልጅ ነበር። አንድ ጊዜ፣ ገና በአሥራዎቹ ሳለ፣ ሰረቀ። ከዚያ በኋላ ዕቃ በጠፋ ቁጥር እሱ ነው። ሱቅ ሲገባ ባለሱቁ ይነሣል። እኔም እሱ ሲመጣ ስልኬን ወደ ውስጥ ኪሴ አስገባ ነበር። ሌብነትን እንደ ዓይኑ ቀለም፣ አብሮት የተወለደ አድርገን ነበር የያዝነው። ኋላ አንድ ሰው የባጃጁን ቁልፍ ሰጠው። «እስኪ ሥራባት» አለው። ይኸው ዓመታት ሆነው፤ ዛሬ ቀበሌ 14 ወርዳችሁ ስሙን ብትጠሩ የሚነግሯችሁ ሌላ ሰው ነው። የእኛ አመለካከት «ሌባነቱን» ደግፈው ካቆሙት ነገሮች አንዱ እንደነበር የገባኝ በኋላ ነው። ለዚህም ነው ይህ ትምህርት ምግባር ያጠፋል ሲባል የምቃወመው። እኔን የነካኝ በምግባር በኩል ነው።

ሦስተኛው ነጥባቸው፦ ምክንያትና ውጤትማ ገበሬውም ያውቀዋል፤ ዘር ካልዘራህ አታጭድም፤ ለዚህ ቡድሃ ምን ያስፈልጋል?

እውነት ነው፤ ገበሬው ያውቃል። ግን እኛ የከተማ ሰዎች ምን ያህል እንደምንዘነጋው እምቦጭ ምስክሬ ነው።

አረሙ የመጣው ከደቡብ አሜሪካ ነው። ጣና ላይ መታየቱ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011፣ በሰሜን ምሥራቅ በኩል ነው። ከዚያ ወዲህ ሻይ ቤት በተቀመጥን ቁጥር የምንጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ ማን አመጣው? ከየከተማው በአውቶቡስ የመጡ ወጣቶች ጭቃ ውስጥ እስከ ወገባቸው ገብተው በእጃቸው ነቀሉት። ያን ፍቅር ያየ ሰው አይረሳውም። በቀጣዩ ዓመት ግን አረሙ ተመልሶ መጣ። ለምን? ዘሩ ጭቃው ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ ይቆያል። ከተቆረጠ ቅርንጫፍም እንደገና ይበቅላል። መገጭ፣ ርብ፣ ጉማራና ግልገል ዓባይ ከደጋው አፈር ይዘው ይገባሉ። ከአፈሩ ጋር ማዳበሪያ ይመጣል። የከተማው ፍሳሽ አለ። ሐይቁ ጥልቀት የለውም። ደለል የሚያጣራው የዳር ደንገልና ረግረጉ ተመናምኗል። እነዚህ ሁሉ እስካሉ ድረስ እምቦጭ አለ። አረሙን እንነቅላለን፤ አረሙን ደግፈው ያቆሙትን ነገሮች ግን አልነካንም።

ቡድሃ ያለው «ምክንያት አለ» ብቻ አይደለም። ለአንድ ነገር አንድ ጥፋተኛ የመፈለግ ልማዳችንን ነው የሚነካው። እሱ ደግሞ ወደ ውጭ ብቻ ሳይሆን ወደ ውስጥ ነው ያዞረው። 12 ማያያዣዎችን ይዘረዝራል፤ ካለማወቅ ተነሥቶ እስከ እርጅናና ሞት። ሁሉንም እዚህ አልዘረዝርም። መሃል ላይ ያሉትን አራቱን ብቻ እንያቸው፦ መነካካት፣ ስሜት፣ ምኞት፣ መጨበጥ። ማታ ተኝቼ ስልኬን እነካካለሁ። የአብሮ አደጌ አዲስ ቤት ፎቶ ይመጣል። ዓይኔ አየ፤ ይህ መነካካት ነው። ሆዴ ውስጥ የሆነች ነገር ቆጥቆጥ አደረገችኝ፤ ስሜት። «እኔስ መቼ?» አልኩ፤ ምኞት። ከዚያ ዕንቅልፍ የለም፤ ሌሊቱን ስደምርና ስቀንስ አነጋሁ። ያ መጨበጥ ነው። ጠዋት ሚስቴን ያለ ምክንያት ተቆጣኋት። «ያለ ምክንያት» እንላለን እንጂ ሰንሰለቱ እዚያው ተዘርግቷል። ቡድሃ የሚለው፣ ስሜቱ ከመጣ በኋላ ምኞቱ ከመያዙ በፊት አንዲት ክፍተት አለች ነው። እሷን ያየ ሰው ሰንሰለቱን እዚያ ላይ መፍታት ይችላል። ይህን ገበሬ ሁሉ ያውቀዋል? እኔ አላውቀውም ነበር።

ዕጣ ፈንታ ለሚለው ከላይ ያልኩት ግማሽ መልስ ነው። የቀረውን ቡድሃ ራሱ ተናግሮታል። በዘመኑ ማካሊ ጎሳላ የሚባል መምህር ነበረ፤ ሁሉም ነገር አስቀድሞ ተወስኗል፣ የሰው ጥረት ምንም አይለውጥም ብሎ የሚያስተምር። ቡድሃ ይህን ትምህርት ከሰው ፀጉር በተሠራ ልብስ መሰለው። በብርድ ይቀዘቅዛል፤ በሙቀት ያቃጥላል፤ ይሸታል። ከልብስ ሁሉ የከፋ ነው አለ። ይህን ያለውን ሰው በዕጣ ፈንታ መክሰስ አይሆንም።

«ትምህርቱም ባዶ ነው» የሚለውን ደግሞ ናጋርጁና አዎ ነው የሚለው። ይህንና መሰል ተቃውሞዎችን ለመመለስ ሌላ አጭር ሥራ ጽፏል። ጋሪ በራሱ የቆመ ባሕርይ የለውም፤ እንጨትና ሣር ግን ይጭናል። ማሰሮም እንዲሁ፤ ማርና ወተት ግን ይይዛል። ጨርቅም እንዲሁ፤ ከብርድ ግን ያድናል። የእኔም ቃል እንደነሱ ነው፤ ባዶ ነው፣ ሥራውን ግን ይሠራል ይላል። ቡድሃ ደግሞ ትምህርቴ መሻገሪያ ነው ብሏል፤ ከእንጨትና ከሣር ታስሮ ወንዝ እንደሚሻገሩበት ነገር። ከተሻገርክ በኋላ በጭንቅላትህ ተሸክመኸው አትሄድም። እነዚያ ሽማግሌ ውኃ የጠጣውን ታንኳ ገመዱን ሲቆርጡት አላለቀሱም። አዲሱን እያሰሩ ነበር።

«የሩቅ አገር ነው፣ እኛን አይመለከትም» ለሚለው አንድ ታሪክ አለኝ። እ.ኤ.አ. በ1553፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ የደብረ ሊባኖሱ እጨጌ እንባቆም አንድ መጽሐፍ ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ መለሱ። የበረላምና የይዋሰፍ ታሪክ ነው። ንጉሥ አባቱ በሽታን፣ እርጅናንና ሞትን እንዳያይ በቤተ መንግሥት ዘግቶ ያሳደገው ልዑል፣ ወጥቶ እነሱን ያያል፤ ዓለሙንም ንቆ ይወጣል። ሊቃውንት እንደደረሱበት ታሪኩ የቡድሃ የሕይወት ታሪክ ነው። በፋርስና በዐረብ፣ በጆርጂያና በግሪክ ሲዞር የክርስቲያን ታሪክ ሆነ። «ይዋሰፍ» የሚለው ስም ራሱ «ቦዲሳትቫ» (ቡድሃ ከመሆኑ በፊት የሚጠራበት ስም) ከሚለው ተለዋውጦ የመጣ ነው። በእርግጥ ስለ ባዶነት የተጻፈው ክርክር እዚያ ውስጥ የለም። ግን ያ ልዑል በግዕዝ ተናግሮ፣ በብራና ላይ ተጽፎ፣ ከአራት መቶ ዓመት በላይ አብሮን ኖሯል። እንባቆም ራሳቸው ከየመን የመጡ ሰው ነበሩ። አባቶቻችን ከሩቅ የመጣን ነገር ገልጠው አንብበው፣ የሚጠቅመውን ወስደው፣ በራሳቸው እምነት ጸንተው ኖረዋል።

አንድ ቦታ ላይ ጸሐፊው ትክክል ናቸው፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ክህደት ነው። ቡድሂስቶች ሁሉን ካለመኖር ወደ መኖር ያመጣ ፈጣሪ አይሉም። እኔ እላለሁ። እዚህ ላይ ልዩነቱ እውነተኛ ነው፤ በቃላት ጨዋታ አይሸፈንም። ጸሐፊው በዚህ ነጥብ ላይ ብቻ ቢከራከሩ ኖሮ እኔም ብዕሬን ባላነሣሁ።

የቀረው የለቅሶ ቤቱ ጥያቄ ነው።

ኪሳ ጎታሚ የምትባል ሴት ልጇ ሞተባት። አላምን አለች። ሬሳውን ታቅፋ ከቤት ቤት እየዞረች መድኃኒት ትለምናለች። ወደ ቡድሃ ላኳት። እሱም «መድኃኒት አለ፤ ሰናፍጭ አምጪልኝ። ግን ሰው ሞቶበት ከማያውቅ ቤት መሆን አለበት» አላት። ሄደች። ሰናፍጭ የሌለው ቤት አልነበረም። ይሰጧታል። ከዚያ ትጠይቃለች። አንዱ አባቴ ይላታል፤ አንዱ ልጄ፤ አንዷ ባሌ ትላታለች። ሲመሽ ልጇን ወስዳ አሳረፈችው።

አባቴ ያረፈ ጊዜ እናቴ ሦስት ቀን እህል አልቀመሰችም። የዕድሩ ድንኳን ግቢያችን ውስጥ ተተክሏል። ሰው ይገባል፣ ይወጣል። «እግዜር ያጥናሽ» ይላታል፤ አትሰማም። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት አንዲት የሰፈራችን አሮጊት መጡና አጠገቧ ፍራሹ ላይ ተቀመጡ። ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ በዝግታ የራሳቸውን መቁጠር ጀመሩ። ባላቸውን። ወንድማቸውን። በስድስት ወሯ የቀበሯትን ልጃቸውን፤ ስሟን ጠሩት። ከወዲያ ጥግ የተቀመጠች ጎረቤታችን የሷን ጨመረች። ሌላዋ የሷን። እናቴ ቀና አለች። አንዷን «አንቺም እህትሽን... ለካ ዘንድሮ ነው» አለቻት። አሮጊቷ ከሰሐኑ ላይ እንጀራ ቆርሰው፣ ጠቅልለው፣ ወደ አፏ አስጠጉት። ጎረሰችላቸው።